ጥያቄና መልስ፦ ጉበቷ ለታመመ ነፍሰ ጡር ጠበል ይቅደም ወይስ ሕክምና?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ እህቴ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሰሞኑን ያስመልሳታል፣ ዓይኗም ቢጫ ሆኗል። ሐኪሞቹ ጉበቷ ክፉኛ ስለተጎዳ ዛሬውኑ ትውለድ፣ ካላገገመች ንቅለ ተከላ ሊያስፈልጋት ይችላል አሉን። እናታችን ግን “መጀመሪያ ሰባት ቀን ጠበል ትጠመቅ” ትላለች። ከጉበቴ ከፍዬ ብሰጣትስ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ እህትህ ዛሬ ትውለድ። ሰባቱ ቀን ይቆይ።

በእርግዝና መጨረሻ ጉበት በድንገት በስብ የሚሞላበት ሕመም አለ። መነሻው እርግዝናው ራሱ ስለሆነ ልጁና የእንግዴ ልጁ እስኪወጡ ድረስ አይቆምም። ከወለደች በኋላ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉበቷ በቀናት ውስጥ መመለስ ይጀምራል፤ እስከ ንቅለ ተከላ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። በተበከለ ውኃ የሚመጣው ሄፓታይተስ ኢ (E) የተባለው የጉበት ቫይረስም ነፍሰ ጡርን አብዝቶ ይጎዳል፤ እርሱ ግን በመውለድ ብቻ አይድንም። ሐኪሞቹ በደም ምርመራ ይለዩታል። “የወፍ በሽታ ነው” ብሎ ቅጠልና ሥር ቀጥቅጦ የሚያጠጣ ዘመድ ቢመጣ በትሕትና መልሱት፤ የደከመ ጉበት ያንንም የማጣራት አቅም የለውም።

ከሁሉ የምሰጋው ይህን ነው። ጉበት ሲደክም ሊያስወግደው የሚገባው መርዝ በደም አድርጎ አንጎል ይደርሳል። ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ትነቃለች፣ ትቀባዥራለች፣ የዘረጋችው እጅ ይርገበገባል። ቤተሰብ “መንፈስ ነው” ብሎ ከአልጋ አንሥቶ ወደ ጠበል የሚሮጠው ያን ጊዜ ነው። በዚያው ሰዓት የደሟ ስኳር ወርዷል፣ ደሟም እንደ ወትሮው አይረጋም። በባዶ ሆዷ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ማቆም እምነት አይባልም። ጾሙንም የንስሐ አባቷ ያቆዩላት።

ጠበሉ ወደ እርሷ ይምጣ። ካህኑ አልጋዋ አጠገብ ጸልየው ግንባሯን ይርጩ፤ ወደ አፏ የሚገባው ግን በነርሷ ፈቃድ ይሁን፤ ቀዶ ሕክምና ካለ ምንም እንዳትቀምስ ይደረጋልና። እናንተም ደም ለግሱ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል። አቡነ ጳውሎስም የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር።

ወደ አንተ ልምጣ። የሥርዓት መጻሕፍታችን በተጻፉበት ዘመን ንቅለ ተከላ ስላልነበረ ቃል በቃል የሚፈቅድም የሚከለክልም አታገኝባቸውም። እንደ እኔ ግን ስለ ወዳጁ ነፍሱን የሚሰጥን ያመሰገነ ጌታ (ዮሐ. 15፥13) ከጉበቱ የሚከፍለውን አይነቅፍም። በፈቃድህ ይሁን እንጂ በቤተሰብ ግፊት ወይም በገንዘብ አይሁን። አደጋውንም ዕወቀው፦ ለአዋቂ የሚሰጠው የቀኙ ክፍል ከጉበትህ እስከ 60 በመቶ ይደርሳል። በወራት ውስጥ መልሶ ያድጋል፤ ሆኖም ከ1000 ሰጪዎች ከ2 እስከ 5 የሚሆኑት ይሞታሉ። የደም ዓይነታችሁም መስማማት አለበት። በሀገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል፤ ለጉበት ግን ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ወደ ሕንድ ወይም ቱርክ ይሄዳል። የጠናባት ሴት አውሮፕላን ላይ መውጣት ስለሚያስቸግራት ከሐኪሞቹ ጋር ዛሬ ተነጋገሩበት።

ንቅለ ተከላው ከተደረገላት ሰውነቷ አዲሱን ጉበት እንዳይገፋው የሚያደርግ፣ ታክሮሊመስን የመሰለ መድኃኒት በታዘዘላት ሰዓት ዕድሜ ልኳን ትወስዳለች። ለቅዳሴ ብላ አንዱን እንኳ እንዳትዘል፤ ቁርባኑን በተመለከተ የንስሐ አባቷ ያዘጋጁላት። ዳግመኛ ለማርገዝ ቢያንስ አንድ ዓመት ትቆይ፣ ማይኮፌኖሌት የተባለውን የዚሁ ዓይነት መድኃኒት ከሚወስዱት ከሆነችም ፅንስን ስለሚጎዳ አስቀድማ በሐኪም ታስለውጥ።

ሕፃኑ ለሕይወቱ ካሰጋ 40 ወይም 80 ቀን ሳይጠበቅ ይጠመቃል። ደህና ቢሆንም ሐኪም ይየው፤ እናቱ በስብ ጉበት ሕመም ከተያዘች ልጁ ስብን ወደ ጉልበት የመለወጥ ጉድለት ወርሶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሕፃን ለረጅም ሰዓት ሳይጠባ መቆየት አይችልም። ስለዚህ የክርስትናው ዕለት ለመቁረብ ሲባል ከጡት ብዙ ሰዓት መከልከል እንደማይችል ለካህኑ አስቀድማችሁ ንገሩ።