የትኛው ፓይተን ነው ያለኝ? ጥያቄና መልስ

ስለ ፕሮግራሚንግ ቋንቋው ፓይተን ቨርዥን የጠየቃችሁኝን እዚሁ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ኮማንዶቹን በአማርኛ የጻፍኳቸው ለንባብ ነው፤ ኮምፒውተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው።

ጥያቄ፦ የትኛው ቨርዥን እንደተጫነልኝ በምን አውቃለሁ?

ተርሚናል (ኮማንድ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈትና «ፓይተን --ቨርዥን» ብለህ ኢንተር ተጫን። «ፓይተን -ቪ»ም ይሠራል፣ ግን ቪዋ ትልቋ ትሁን። በትንሿ ከጻፍካት የሚጭነውን ሞጁል (የኮድ ፋይል) ሁሉ እየለፈለፈ ስክሪንህን ይሞላዋል።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ላይ ፓይተን ብዬ ስጽፍ ማይክሮሶፍት ስቶር ይከፈትብኛል። ምን ነካው?

ምንም አልነካውም እህቴ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ፓይተን ሳይጫንም በስሙ የተቀመጠ አቋራጭ አለ፣ ሥራው ወደ ስቶር መውሰድ ብቻ ነው። «ፓይ -0» ብለሽ ሞክሪ፤ የተጫነ ካለ ይዘረዝርልሻል። ከሌለ ከፓይተን ድረ ገጽ አውርጂና ስትጭኚ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፓዝ (ኮምፒውተሩ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር) ውስጥ ጨምር የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርጊባት። እሷን የሚዘል ሰው ብዛቱ!

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ላይ ፓይተን ብዬ ስጽፍ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» (ኮማንዱ አልተገኘም) ይለኛል።

«ፓይተን3» በል፣ ሦስቷን አስጠግተህ። የፓይተን 2 ድጋፍ በፈረንጆቹ 2020 መግቢያ ላይ አብቅቷል፣ ኡቡንቱም ከ20.04 ጀምሮ ፓይተን የሚለውን ባዶ ስም አብሮ አይጭንም። ማክ ኦኤስም ከ12.3 ጀምሮ ፓይተን 2ን አውጥቶታል። ብቻ አደራ፣ አሮጌ ነው ብለህ የኡቡንቱን የራሱን ፓይተን እንዳታጠፋው፤ ሲስተሙ ራሱ ስለሚጠቀምበት ዴስክቶፕህ ሳይቀር ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ጥያቄ፦ ተርሚናሉ 3.12 ነው ይላል፣ ኮዴ ግን «ማች» የሚለው ትእዛዝ ላይ ሲንታክስ ኤረር (የአጻጻፍ ስህተት) ይሰጠኛል።

ይቺ ብዙ ሰው ታደክማለች። «ማች» የገባው በ3.10 ነው፣ አጻጻፍህ ትክክል ከሆነና አሁንም አላውቀውም ካለህ ኮድህን የሚያስኬደው ሌላ ፓይተን ነው ማለት ነው፤ አንድ ማሽን ላይ ሦስት አራት ፓይተን መገኘቱ ብርቅ አይደለም፣ ተርሚናሉ አንዱን ይጠራል፣ ኮድ መጻፊያው ቪኤስ ኮድ ሌላውን። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን አድራሻውንም ጠይቅ። አዲስ ፋይል ክፈትና «ኢምፖርት ሲስ» ብለህ «ሲስ.ቨርዥን»ን እና «ሲስ.ኤክዚኪዩተብል»ን ፕሪንት አድርግ፣ ከዚያ ኮድህን በምታስኬድበት በዚያው ቁልፍ አስኪደው። እዚያው ኤረር የሚሰጠው ፋይል ውስጥ ብትጨምረው ግን ዋጋ የለውም፣ ሲንታክስ ኤረር ካለ አንድም መስመር አይሠራም። ቪኤስ ኮድ ላይ ከታች በስተቀኝ የተጻፈውን ቁጥር ተጫንና የምትፈልገውን ምረጥ።

ጥያቄ፦ የፓይተን ላይብረሪ መጫኛው ፒፕ ጫንኩ ይላል፣ ኢምፖርት ሳደርገው ደግሞ የለም።

ያው በሽታ። «ፒፕ --ቨርዥን» በል፣ የየትኛው ፓይተን ፒፕ እንደሆነ መጨረሻው ላይ በቅንፍ ያወጣዋል። ከዚህ በኋላ «ፓይተን -ኤም ፒፕ ኢንስቶል» እያልክ ጫን፣ ፒፑና ፓይተኑ አይለያዩም።

ጥያቄ፦ 3.9 ከ3.10 አይበልጥም እንዴ?

አይበልጥም፣ አስርዮሽ አይደለም። ከዘጠኝ ቀጥሎ አስር ነው። ኮድ ውስጥ ስታወዳድርም እንደ ጽሑፍ ካወዳደርከው ፓይተን ራሱ ይሸወዳል፤ «ሲስ.ቨርዥን_ኢንፎ»ን ከ(3, 10) ጋር አወዳድር።