ቀለሙን ተዉትና ወገቡን እዩ

ልጆቼ፣

ከእንጦጦ ማዶ፣ ሱሉልታ ነው የምኖረው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አጥሬ ሥር እቀመጣለሁ። ባለፈው እሑድ የጎረቤት ልጅ በክብሪት ቀፎ አንድ ጥቁር ጉንዳን ይዞልኝ መጣ።

«አባባ፣ ይሄ ገብረ ጉንዳን ነው አይደል?»

«በምን አወቅህ?»

«ትልቅ ነዋ። ጥቁርም ነው።»

ይህን የምጽፍላችሁ ስለዚህች መልስ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት በሰብል ጥበቃ ሥራ፣ ነፍሳት ስለቅምና ስለይ ነው። እኔም የጀመርኩት በ«ትልቅ ነው፣ ጥቁር ነው» ነበር።

ሥራ በያዝኩ በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ድንጋይ ሥር ጉንዳን ለቀምኩ። ግማሾቹ ደቃቃ ናቸው። ሌሎቹ ራሳቸው ከመተለቁ የተነሳ ሰውነታቸው የሚሸከመው አይመስልም። በሁለት ብልቃጥ ለይቼ ሁለት ዝርያ ብዬ መዘገብኩ። አለቃዬ አጉሊ መነጽር ሥር አስቀመጧቸውና «ወገባቸው ላይ ስንት ጉብታ አለ?» አሉኝ። ሁለቱም ላይ ሁለት ሁለት። «አንቴናቸውስ?» ሁለቱም 12 ክፍል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ወፈር ብለው እንደ ዱላ ራስ። ፌይዶሌ የሚባለው ወገን ነበር፤ ወገን የምለው ብዙ ዝርያዎችን የሚያቅፈውን ቡድን ነው። ትልልቆቹም ትንንሾቹም የአንድ ጎጆ ሠራተኞች ናቸው። አንድ ቤተሰብ በታትኜ ሁለት ዘር አድርጌው ነበር። ያን ቀን በጣም አፈርኩ፤ ዛሬም ድረስ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ከወገብ ጀምሩ። ጉንዳንን ጉንዳን የሚያሰኘው በደረቱና በሆዱ መካከል ያለው ያ ባለጉብታ ቀጭን ወገብ ነው። ከጎን ሆናችሁ እዩት፤ ከላይ ካያችሁት ጉብታው ይደበቅባችኋል። አንድ ጉብታ ነው ወይስ ሁለት? በዓለም ላይ ስም ያገኙት የጉንዳን ዝርያዎች ከ14,000 በላይ ናቸው። ይህች አንዲት ጥያቄ ግን ብዙውን መንገድ ታሳጥራለች።

ሁለት ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከነፌይዶሌ ትልቅ ቤተሰብ ነው። እዚያው ውስጥ ክሬማቶጋስተር አለ፤ ግራር ላይ ፈልጉት። ሆዱ ከላይ ሲታይ የልብ ቅርጽ አለው። ሲቆጣ ሆዱን በጀርባው ላይ አጥፎ ወደ ራሱ ያመጣዋል። እንዲህ የሚችለው ወገቡ ከሆዱ ጋር የተያያዘው በላይ በኩል ስለሆነ ነው። እኔ እስካሁን ባየሁት ቁጥር ይደንቀኛል።

አንድ ከሆነ የሆዱን ጫፍ ተመልከቱ። ክብ ቀዳዳ፣ ዙሪያዋን ብዙ ጊዜ በፀጉር የታጠረች ካያችሁ፣ ያ ጉንዳን መውጊያ የለውም። በእሷ በኩል ፎርሚክ አሲድ ይረጫል። መውጊያ ካያችሁ ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ውስጥ ገብታችኋል።

ለልጁ መነጽሬን ሰጠሁት። «ገብረ ጉንዳን ስትል በሰልፍ የሚተመውን ዶሪለስን ማለትህ ከሆነ፣ የእሱ ሠራተኞች ዓይን የላቸውም። ይሄስ?» አልኩት። ዝም ብሎ አየ፣ አየና «ኧረ አለው!» አለ። ከዚያ ጉብታውን ቆጠረ፤ አንድ። የሆዱ ጫፍ ላይ ክቧን ቀዳዳ አገኛት። ጀርባው ከጎን ሲታይ ሳይሰበር እንደ ቅስት ይወርዳል። አንቴናው የበቀለው ከአፉ በላይ ካለው ሳህን መሰል ክፍል ጠርዝ ራቅ ብሎ ነው። «ካምፖኖተስ የሚባለው ወገን ነው» አልኩት። ዝርያውን ግን አልነገርኩትም። ወገኑን ካወቃችሁ እዚያ ላይ ቁሙ። የዝርያ ስም መገመት ከስህተት ሁሉ የከፋው ነው፤ አንዴ ከተጻፈ ሌላው ሰው እውነት ነው ብሎ ይወስደዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ልለምናችሁ። ዝናብ ሲጥል ክንፍ ያለው ነፍሳት እንደ አሸን ሲፈላ፣ ሰው ተሯሩጦ መርዝ ይገዛል። መጀመሪያ አንዱን ያዙና እዩት። አንቴናው እንደ ጨሌ ክር ቀጥ ካለ፣ ወገቡ ካልቀጠነ፣ አራቱ ክንፎች እኩል ከሆኑ ምስጥ ነው፤ የበረሮ ዘመድ። አንቴናው እንደ ክርን ከታጠፈ፣ ወገቡ ከቀጠነ፣ የፊት ክንፉ ከኋላው ከረዘመ ግን ጉንዳን ነው፤ የተርብና የንብ ዘመድ። ጉንዳን የቤታችሁን እንጨት አይበላም። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ ያለ ምክንያት መርዝ ሲረጭ ማየት ያመኛል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ወረንጦ፣ ብልቃጥና አልኮል ይበቃል። መነጽሩን ዓይናችሁ ሥር አስጠግታችሁ ጉንዳኑን ወደ መነጽሩ አምጡ። የሱሉልታ ጠዋት ብርድ ነው፤ ጉንዳኑም ቀዝቅዞ ስለሚንቀራፈፍ ለማየት ይመቻል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከምን ሥር ወይም ከምን ላይ እንዳነሳችሁት በእርሳስ ጽፋችሁ ብልቃጡ ውስጥ ክተቱ። እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይለቃል።

ድንጋዩንም ስትጨርሱ እንደነበረ መልሱት። ሥሩ ያለው እጭ ፀሐይ አይችልም።