ድርቆሽ ሲበላ የሚያስለው ፈረስ

ጥያቄ፦ «ፈረሴ ከስቷል፣ ያስለዋልም። ጠዋት ድርቆሽ ስሰጠው ይብስበታል። ሜዳ ሲውል ደህና ነው። ትኩሳት የለውም። መርፌ አስወግቼው ለጥቂት ቀን ተሽሎት ነበር፤ መልሶ ጀመረው። ምን መድኃኒት ልግዛለት?»

መልስ፦ መድኃኒት ለመግዛት አይቸኩሉ። ዓይኔን የያዘው «ሜዳ ሲውል ደህና ነው» ያሉት ነው። ስለ ድርቆሹ ብዙ አልነገሩኝም፤ እኔ ግን የምጠረጥረው እሱኑ ነው። ሳሩ በደንብ ሳይደርቅ ተከምሮ ውስጥ ውስጡን ሻግቷል ብዬ እገምታለሁ። ፈረሱ አፍንጫውን ቀብሮ በበላ ቁጥር የሻጋታውን ብናኝ ይስባል፤ ሳንባው ይቆጣል፣ የአየር ቧንቧው ይጠባል። ብናኙ በየቀኑ እየገባ መርፌ አይዘልቅም።

ክምሩን ከላይ አይተው አይመኑት። መሃሉን ከፍተው እጅዎን ይክተቱ። ይሞቃል? ይረጥባል? አንድ እፍኝ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያራግፉ። ጭስ የመሰለ ነጭ ብናኝ ከተነነ ጥፋተኛው ተገኘ።

መፍትሔው ውሃ ነው። ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ድርቆሽ ጆንያ ውስጥ ከተው ንጹህ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይድፈቁት። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ከላይ ውሃ መርጨት ዋጋ የለውም፣ መሃሉ ደረቅ ይቀራል። አውጥተው ያንጠፍጥፉና እርጥብ እንዳለ ይስጡት። የተነከረበትን ውሃ ይድፉ፤ ፈረሱ እንዳይጠጣው። የጠዋቱን ለማታ አያቆዩ፣ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። ደግሞ ከፍ አድርገው አይስቀሉለት፤ ከመሬት ይብላ። አንገቱን ደፍቶ ሲበላ አክታው በራሱ ይወርዳል። ጋጣውን የሚጠርጉት እሱ ውጭ ሳለ ይሁን።

ክሳቱን በተመለከተ መጠኑንም ይዩ። 300 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ድርቆሽ ይፈልጋል፤ ሳይነከር የተመዘነ ማለቴ ነው። ጨጓራው ትንሽ ስለሆነ በአንዴ አይከምሩለት፣ ሦስት አራት ጊዜ ከፋፍለው ይስጡት።

አንድ ነገር ግን ልቆጣዎት። እርስዎ ያደርጉታል አላልኩም፤ ግን ደጋግሜ የማየው ነው። ላሟ እምቢ ያለችውን የሻገተ ድርቆሽ «ለፈረሱ ይሁን» ይሉታል። እባካችሁ ይቅር! ፈረስ ሻጋታን ከላም ያነሰ ነው የሚችለው። የበላው ቢመርዘው እንኳ ማስመለስ አይችልም፤ ሆድ ቁርጠት ይዞት ሊሞት ይችላል። ክፉኛ የሻገተውን መንከርም አያድነውም፣ ይጣል።

ለሚቀጥለው ድርቆሽ ሳሩን ማበብ ሲጀምር ይጨዱት፤ ዘር ከያዘ እንጨት ይሆናል። እያገላበጡ ያድርቁት። ጭብጥ አድርገው ሲጠመዝዙት ካልተሰበረ ገና ነው፣ አይከምሩት። ሲከምሩም እርጥበት እንዳይስብ ከሥሩ እንጨት ያንጥፉ። ወደ አዲሱ ሲያሻግሩት ከአሮጌው ጋር እየቀላቀሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፍጅ።

ድርቆሹን ነክረው በሁለት ሳምንት ለውጥ ካላዩ ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት። ትኩሳት ከጀመረው፣ ከአፍንጫው መግል ከወረደ ወይም ከመንጋጋው ሥር ካበጠ ግን አንድ ቀን አይጠብቁ። ከሌሎቹ ፈረሶች ለይተው፣ የመጠጫ ገንዳውንም ለብቻው አድርገው ሐኪም ይጥሩ።