ፊቴን ምን ላድርገው?

ባለፈው ሳምንት ከልምምድ በኋላ አንዲት ወጣት ፒያኒስት ቀረብ ብላ፣ «ጋሼ፣ ሶሎ ላይ ስሳሳት ፊቴን ምን ላድርገው?» አለችኝ። ስለ ጣቶቿ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። መልስ ሳልሰጣት ተለያየን። ሌሊቱን ሙሉ የታየኝ ግን የራሴ ፊት ነው።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሳክስፎን እነፋለሁ። ቤዝ የሚጫወተው ልጅ ከሁላችንም ታናሽ ነው፤ ዝምተኛ፣ ጆሮው ግን ከሁላችንም ይበልጣል። ዜማው 32 ባር (እኩል የምት ክፍል) ነው። የመጀመሪያው ስምንት ባር ይደገማል፣ ከዚያ መሸጋገሪያው ይመጣል፣ በመጨረሻም ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሶሎው፣ ማለትም ብቻዬን እየፈጠርኩ የምነፋበት ተራ፣ የእኔ ነበር። የመጀመሪያው ስምንት እንዳለቀ ልጁ ድግግሞሹን ዘሎ መሸጋገሪያው ውስጥ ገባ።

ቤዝ ከሄደ ሁሉም ይሄዳል። ዶ እና ሚ ስትሉ ቤዙ ከስር ዶን ከያዘ ሜጀር ነው፤ ብሩህ ይሆናል። ቤዙ ወደ ላ ከወረደ እነዚያው ሁለት ድምፆች ማይነር ይሆናሉ፤ ያዝናሉ። እናንተ ምንም ሳትቀይሩ የያዛችሁት ድምፅ ትርጉሙ ይለወጣል። ያን ምሽት የሆነውም ይኸው ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የነፋሁት ድምፅ ባልጠበቅኩት ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ላይ ሲያርፍ ያምር ነበር። ሰምቼዋለሁ። ድራመሩ ወዲያው ገብቶት ልጁን ተከተለው። እኔም ብከተላቸው ኖሮ አዳራሹ ውስጥ ማንም አያውቅም ነበር።

ሳክስፎኑን ከአፌ አወረድኩ። ዞሬ አፈጠጥኩበት።

ሰዉ ያወቀው ያኔ ነው። የልጁ እጅ ገመዱ ላይ ደርቆ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሶሎ ስንሰጠው ራሱን ይነቀንቃል። የኮርዱን መሠረት ድምፅ ብቻ እየመታ፣ ምንም ሳይሳሳት ዓመት ያህል ቆየና ባንዱን ተወ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። ልክ ነኝ ብዬ ነዋ፤ ቅርጹን የሳተው እሱ ነው።

የጃዝ ፒያኒስቱ ኸርቢ ሃንኮክ ስለ ባንዱ መሪ፣ ስለ ትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ ሲናገር የሰማሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አውሮፓ ውስጥ፣ በማይልስ ሶሎ መሃል ሃንኮክ ጭራሽ የማይሆን ኮርድ መታ። ማይልስ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አለ። ከዚያ ያን ኮርድ ልክ የሚያደርጉ ድምፆችን ነፋ። እንደ ሃንኮክ አባባል ማይልስ ስህተት አልሰማም፤ የሆነ ነገር እንደሆነ ብቻ ነው የሰማው። እኔም እኮ ያቺ አንዲት ትንፋሽ ነበረችኝ።

የጃዝ ዘፋኟ ኤላ ፊትዝጄራልድም ትዝ ትለኛለች። እ.ኤ.አ. በ1960 በርሊን መድረክ ላይ የዘፈኑ ግጥም ጠፋባት። አላቆመችም፤ እዚያው ግጥም እየፈጠረች ጨረሰችው። ያው ቅጂ የግራሚ የሙዚቃ ሽልማት አሸለማት።

እናንተ ወጣት ሙዚቀኞች፣ ስኬል (የድምፆች ቅደም ተከተል) አጥኑ፣ በሜትሮኖም (በምት መቁጠሪያ) ተለማመዱ አልላችሁም፤ ታውቁታላችሁ። በጣት ቅልጥፍና ከእኛ ትውልድ በጣም ትበልጣላችሁ። የሚያሳስበኝ ስልካችሁ ነው። አንድ ሶሎ አሥራ አምስት ጊዜ ቀርጻችሁ የጠራውን ታስቀሩና ሌላውን ታጠፋላችሁ። እስቲ የሚጠፋውን አንዴ መልሳችሁ ስሙት። ያመለጣችሁ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከፈለጋችሁት በግማሽ ድምፅ ነው የሚርቀው፤ ተንሸራታችሁ ትደርሱበታላችሁ። ወይም ሆን ብላችሁ ድገሙት። ሁለተኛው ላይ ሐሳብ ይሆናል።

ምት ማጥፋትን ግን ዛሬም አልወድም። ምት የሚስት ሰው ሳይ አሁንም ፊቴ ይጠቁራል። ይህን ስጽፍ እንኳ ለቤዙ ልጅ አሁን ያዘንኩለትን ያህል ምት ለሚስት ሰው የማዝን አይመስለኝም፤ ምት ምት ነው።

አንቺ ልጄ፣ ስትሳሳቺ ፊትሽን ወደ ቤዙ አዙሪው። የት እንዳለ እዪ፣ እሱም የት እንዳለሽ ይይ። እሱ ሲሳሳትም እንደዚያው። በሚቀጥለው ልምምድ ሶሎው ያንቺ ነው። እኔ ቤዙ አጠገብ እቆማለሁ።