ከመተማና ከጅቡቲ መስመር የቱ ይሻላል ላልከው ወንድም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። የተሳቢ መንጃ ፈቃድ ይዘህ ጎንደር ተቀምጠሃል። የመተማው ባለንብረት በቢያጆ፣ ማለትም በየምልልሱ፣ ደህና ይከፍላል፣ ለቤትህም ቅርብ ነው። የጅቡቲው ያርቃል። እኔም እንዲሁ ብዬ ነው የተቃጠልኩት።

1. ብሩን ሳትጠይቅ፣ መኪናው ሲመለስ ምን እንደሚጭን ጠይቅ። በቢያጆ ስትሠራ ገቢህ ምልልሱ ነው። የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ያልፋል። ሰሊጥ አውርደህ ማዳበሪያ ጭነህ ትመለሳለህ። መተማ ግን ወቅት ጠባቂ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ መኪና ይጠፋል፣ ደላላው ራሱ ይለምንሃል። ወቅቱ ሲያልፍ ማንም አይደውልልህም።

2. መኪናው ለቆመበት ቀን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ አስጽፍ። እኔ አላስጻፍኩም። ህዳር 2015 መተማ መስመር ገባሁ። እስከ ጥር እንቅልፍ አልነበረኝም። ሰሊጥ ቀዳዳ ካገኘ እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው፤ አንድ ሌሊት ሸኸዲ ላይ በባትሪ መብራት የተቀደደ ከረጢት ስሰፋ አነጋሁ። የካቲት ላይ ጭነቱ ሳሳ። ሚያዝያ ላይ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተነሳና ከመተማ ድንበር የምንጠብቀው ጭነትም ቀረ። መኪናው አዘዞ 41 ቀን ቆመ። ባትሪው እንዳይሞት በየጠዋቱ እየሄድኩ ሞተር አስነሳ ነበር።

አበል ልጠይቅ ቢሮ ገባሁ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ያልተንቀሳቀሰ መኪና የምን አበል አለው?» አለችኝ። ረዳቴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። እሱ ፊት እንዲያ መባሌ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለልጁ የምሳውን ከኪሴ ነበር የምሰጠው፤ እነሱ ግን ባዶ እጁን ሸኙት።

አሁን ጅቡቲ ስመላለስ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በወልድያ አድርገህ ሚሌ ትወርዳለህ። ከዚያ እስከ ጅቡቲ ድንበር ጋላፊ ያለው ሙቀት አይጣል ነው፣ ወረፋውም ያሰለቻል። መንገድ የሚዘጋበት ቀንም አለ፤ ሳትነሳ ከዚያ የመጡ ሹፌሮችን ጠይቅ። ግን ሄጄም ተመልሼም ጭነት አለኝ። እስካሁን አንድ ከረጢት አላጎደልኩም፣ ባለንብረቱም ይህን ያውቃል።

የመተማው ሰውዬ የቆመበትን ቀን ውሉ ላይ አልጽፍም ካለህ ቁልፉን አትቀበለው። ለጅቡቲው ዛሬውኑ ደውል፤ የማዳበሪያው ጭነት ሳያልፍብህ።