ልጅሽን ስታስከትቢ የራስሽንም ተናገሪ

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሴት ልጅ ወልጄ ክርስትና ካስነሳናት ሁለተኛ ሳምንቷን ይዛለች። እናቴ ክርስትናው እንዳለፈ ደብረ ብርሃን ተመለሰች። ከወለድኩ ጀምሮ ልጄ ብትተኛም እኔ እንቅልፍ የለኝም። ስታለቅስ እሰማታለሁ፣ እጄ ግን አይነሳም። እንግዳ ሲመጣ እስቃለሁ፣ ሲወጣ አለቅሳለሁ። ባለቤቴ “ማርያም ምራሽ፣ ምን ጎደለብሽ?” ይለኛል። አንዳንዴ እንቅልፍ ወስዶኝ በዚያው በቀረሁ እላለሁ። እናትነት አልሆንልኝ አለ ማለት ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ አይደለም። ታመሽ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እንደ እኛ ባሉ አገሮች ከ5 ወላድ አንዷን ገደማ የአእምሮ ሕመም ያገኛታል፤ አብዛኛው ይኸው ድብርት ነው። በወለዱ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ቀን ሆድ መባስ የብዙ አራስ ነገር ነው፤ በ2 ሳምንት ውስጥ ይተዋል። ያንቺ ግን ሦስት ወር ሊሞላው ነው።

እኔ አዋላጅ ነኝ። ስንቷን “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ብዬ ሸኝቼ፣ ሁለተኛ ልጄን ስወልድ በራሴ ደረሰ። እህቴ የሰጠችኝን አጥሚት ይዤ እቀመጣለሁ። ቀዝቅዞ ላዩ ሲጋገር አያለሁ። ብርጭቆውን ወደ አፌ ላድርስ ስል ክንዴ እምቢ ይላል። “እጄ አይነሳም” ያልሽውን ሳነብ ያ ብርጭቆ ነው ፊቴ ድቅን ያለው። የተረፍኩት ልጄን ላስከትብ ሄጄ ለከታቢዋ አፍ አውጥቼ ስነግራት ነው።

ያንቺም ልጅ የ14ኛ ሳምንት ክትባቷ ደርሷል። ቀጠሮውን ግን አትጠብቂ፤ ነገ ጠዋት ካርዷን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ሕፃኗን መዝነው፣ ካርዱን ሞልተው፣ “አንቺስ?” ላይሉሽ ይችላሉ። አንቺ ጀምሪው። “እንቅልፍ የለኝም፣ በዚያው በቀረሁ እላለሁ” በያቸው፣ በዚሁ ቃል። የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም እንዲህ ስለሚያደርግ ይመርመሩሽ። ወደ አእምሮ ሐኪም ቢልኩሽ አትሸሺ። ጳውሎስም ዘውዲቱም ክፍሉ አላቸው። “አማኑኤል ገባች” ይሉኛል ብለሽም አትፍሪ፤ አማኑኤልም ሐኪም ቤት ነው።

መድኃኒት ካዘዙልሽ “አጠባለሁ” በያቸው። እንደ ሰርትራሊን ያለው ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው። ለውጡ ሳምንታት ይፈጃል፤ በሦስተኛው ቀን “አልሠራም” ብለሽ እንዳትተዪው። ጠበልም የምትሄጂ ከሆነ ሂጂ፣ መድኃኒቱን ግን አታቋርጪ።

ይህን ዛሬ ማታ ለባለቤትሽ አስነብቢው። ወንድሜ፣ “ምን ጎደለብሽ” አትበላት። ልጅቷን ተቀበላትና እናቷ አራት ሰዓት ሙሉ ትተኛ። ብቻዋን አትተዋት። ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣባት፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማት፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት፤ ሌሊትም ቢሆን።

እናትሽንም ደውለሽ ጥሪያቸው። ደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም።