መልስ፦ የበረሃ ወፎች በደረቅ ፍሬ ብቻ እንዴት ይኖራሉ?

ፒያሳ በረንዳህ ላይ ስንዴ የሚለቅሙትን ድንቢጦች አይተህ፣ በረሃ ያሉት ፍሬ በሊታ ወፎች ውሃ ከየት ያገኛሉ ብለሃል። አሪፍ ጥያቄ ነው። ነፍሳት የሚበላ ወፍ ከምግቡ እርጥበት ያገኛል፤ ደረቅ ፍሬ ውስጥ ያለው ውሃ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ስለዚህ አብዛኞቹ ፍሬ በሊታዎች ሩቅም ቢሆን ኩሬ ፍለጋ በመንጋ ይበራሉ። ዜብራ ፊንች የምትባለው ትንሽዬ የአውስትራሊያ ፍሬ በሊታ ወፍ ለየት ትላለች። ስትጠጣ እንደ ዶሮ አንገቷን ቀና አታደርግም፤ ምንቃሯን እንደነከረች ትምገዋለች። ቶሎ ጠጥታ እብስ ነው፣ ኩሬ ዳር ጭልፊት ያደፍጣላ! ሲብስባትም ደረቅ ፍሬ እየበላች ያለ ውሃ ለወራት መቆየት እንደምትችል በቤተ ሙከራ ታይቷል። ከውሃው ወሬ ወጣ ስንል፣ ጥሩምባ ነፊ ፊንች የሚባል ሌላ ፍሬ በሊታ ወፍ ሰሃራ ውስጥ አለ፤ በመራቢያ ወቅት የወንዱ ምንቃር ደማቅ ቀይ ይሆናል። ድምፁን ዩቲዩብ ላይ ስማው፣ ያስቅሃል።